ደላላው ስልክ ውስጥ ገብቷል

ሆሳዕና ደላላ ምን እንደሆነ ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ሀዲያና ከምባታ ከሃያ ዓመት በላይ ልጆቻቸውን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሸኙ ኖረዋል። በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን ወይም ሞዛምቢክን የሚያቋርጠው መንገድ ያደረሳቸው አሉ። በከተማዋ የቆሙ ፎቆችና ሱቆች ላይ የዚያ መንገድ ገንዘብ አሻራ ይታያል። ያላደረሳቸውም አሉ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ስደተኞች ተገኙ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር ተቆፈረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ሦስቱም ጊዜ የኢትዮጵያ ስም ተጠራ።

የደላላ ሥራ በሦስት ነገር ይታወቃል። ገንዘቡን ቀድሞ ይቀበላል። መንገዱን ይደብቃል። አደጋውን ለተጓዡ ይተዋል። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ሁሉ፣ ሰውየው በድንበር ቢያሻግርም በኢንተርኔት ቢያሻግር፣ ደላላ ነው።

ዛሬ ይኸው ሰው ስልክ ውስጥ ገብቷል። የሚሸጠው የኬንያን ድንበር አይደለም፤ «የኦንላይን ሥራ» ነው። ማስታወቂያው በቴሌግራም ይመጣል፤ ሆሳዕናም ዱራሜም ሾኔም ሺንሺቾም እኩል ይደርሳል። ቃሉ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ሃያ፣ ሠላሳ፣ ሃምሳ አካውንት ይከፍታል፤ እያንዳንዱ አካውንት ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር ይመስላል፤ ገንዘቡ በዶላር ይመጣል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሁለት ዕቃዎች ናቸው ይባላል፦ ፕሮክሲና አንቲ ዲቴክት ብሮውዘር።

ምንነታቸውን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ደላላ የሚያተርፈው ነገሩ ምሥጢር ሲመስል ነውና። ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች አንድን ተጠቃሚ ከሌላው የሚለዩት በዋናነት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መስመሩ ከየት እንደወጣ የሚናገረው ቁጥር ነው። ሁለተኛው የመሣሪያው አሻራ ነው፦ የስክሪኑ ስፋት፣ የተጫኑት የፊደል ዓይነቶች፣ የሰዓት ቀጠናው፣ ቋንቋው፣ ግራፊክስ ካርዱ ምስል የሚስልበት መንገድ። ፕሮክሲ የመጀመሪያውን ይቀይራል፤ መስመሩን በሌላ ሰው አድራሻ በኩል ያሳልፈዋል። አንቲ ዲቴክት ብሮውዘር ሁለተኛውን ይቀይራል፤ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየ አሻራ ይሠራለታል። ሁለቱ ሲጣመሩ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለ አንድ ኢንተርኔት ቤት የለንደን፣ የቴክሳስና የበርሊን ነዋሪዎች የተሰበሰቡበት ይመስላል።

ዕቃዎቹ በራሳቸው ወንጀል አይደሉም። የብዙ ደንበኞችን ገጽ የሚያስተዳድር የማስታወቂያ ድርጅት ይጠቀምባቸዋል። ሶፍትዌር የሚፈትሽ ባለሙያም እንዲሁ። ችግሩ አካውንት መብዛቱም አይደለም። በእቁብ አንድ ሰው ሁለት ዕጣ ቢይዝ ማንም አይቆጣም፤ ዳኛውም ጸሐፊውም አባላቱም የማን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ሁለት ጊዜ ይወስዳል። በእድር ግን አንድ ሰው በአሥር የሐሰት ስም ተመዝግቦ በአሥሩም ድምፅ ቢሰጥ፣ እድሩ በዚያው ዕለት ፈረሰ ማለት ነው። ልዩነቱ ቁጥር አይደለም፤ መደበቅ ነው። ደላላው የሚሸጠውም ይህንኑ መደበቅ ነው።

አድራሻው የማን ነው?

ፕሮክሲ ገዛሁ የሚል ወጣት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። በገበያው የሚወደደው «ሬዚደንሻል» የሚባለው ዓይነት ነው፤ የሰው መኖሪያ ቤት መስመር ስለሚመስል ቶሎ አይጠረጠርም። የሚመስለው ስለሆነ ነው። በሌላኛው ጫፍ እውነተኛ ቤት አለ፤ ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አያውቅም።

ግንቦት 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 911 ኤስ5 የተባለውን መረብ ማፍረሱንና ዩንሄ ዋንግ የተባለ ቻይናዊ መያዙን አስታወቀ። መረቡ ወደ 200 በሚጠጉ አገሮች ከ19 ሚሊዮን በላይ የአይፒ አድራሻዎችን ይዞ ነበር። እነዚህ አድራሻዎች ለደንበኞች በፕሮክሲነት ይከራዩ ነበር። መረቡ ወደ ሰዎች ኮምፒውተር የገባው በአብዛኛው በነፃ ቪፒኤን በኩል ነው፤ ማስክ ቪፒኤን፣ ዲው ቪፒኤን፣ ፓላዲን ቪፒኤን፣ ሺልድ ቪፒኤን የሚሉ ስሞች ነበሯቸው። ተከራዮቹ በሰው አድራሻ ተሸፍነው ባንክ አጭበርብረዋል፣ ማስፈራሪያ ልከዋል፣ በኮቪድ ጊዜ የተመደበውን የሥራ አጥ ድጎማ ዘርፈዋል። በድጎማው ብቻ የደረሰው ኪሳራ ከ5.9 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ሚኒስቴሩ ገልጿል።

ይህ የሩቅ አገር ዜና አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ቪፒኤን ያላወረደ ወጣት ማግኘት ይከብዳል፤ ምክንያቱም መንግሥት ራሱ አስተምሮታል። የካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ ድረስ ለአምስት ወራት ያህል ያለ ቪፒኤን አልተከፈቱም። በዚያ ጊዜ ሕዝቡ ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ጫነ። ማን እንደሠራው፣ ከጀርባው ምን እንደሚሸጥ የጠየቀ ጥቂት ነው። ነፃ የሆነ ዕቃ ውስጥ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ተጠቃሚው ራሱ ነው። እናም አንዱ ወጣት የማያውቀውን ሰው ቤት ሲከራይ፣ የሌላው ወጣት ስልክ ለማያውቀው ሌባ ይከራያል። ወንጀል ተሠርቶ ፖሊስ አድራሻውን ሲከታተል መጀመሪያ የሚደርሰው ከሌባው ዘንድ አይደለም፤ በሩን ሳያውቅ ክፍት ከተወው ሰው ደጃፍ ነው።

ትርፉስ የማን ነው?

ደላላው ስለ ዶላር ይናገራል፤ ስለ ሒሳቡ አይናገርም። ፕሮክሲ በጊጋባይት ወይም በወር ይሸጣል፣ ዋጋው በዶላር ነው። ብሮውዘሩም ከጥቂት አካውንት በላይ ሲሆን ወርኃዊ ክፍያ አለው፣ እሱም በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያ ወጪ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ወጣቱ የዶላር ካርድ ስለሌለው በቴሌብር ለአንድ ሰው ብር ልኮ ክሪፕቶ ይገዛል። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ሲል አስጠንቅቋል። ስለዚህ የላከው ብር ቢበላበት አቤት የሚልበት ቦታ የለውም። ገና ሥራው ሳይጀመር ሦስት ሰው በልቷል፦ ፕሮክሲ ሻጩ፣ ብሮውዘር ሻጩ፣ ክሪፕቶ ሻጩ። አራተኛው «አሠልጣኙ» ነው።

ምርቱ ደግሞ ይታይ። በ2016 ዓ.ም. አገሩን ሁሉ ስልክ ሲያስነካካ የከረመው ሃምስተር ኮምባት ከ300 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለኝ ይል ነበር። መስከረም 2017 ዓ.ም. ሳንቲሙ ሲከፋፈል ብቁ የተባሉት 131 ሚሊዮን ናቸው፤ 2.3 ሚሊዮን ደግሞ አጭበርብረዋል ተብለው ታገዱ። የአንዱ ሳንቲም ዋጋ በመጀመሪያው ቀን የዶላር አንድ መቶኛ ገደማ ነበር። ስንቱ ወጣት ለወራት እንቅልፍ ያጣበት ነገር የአንድ ምሳ ዋጋ ሳይሆን ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ቲክቶክም እንዲሁ ነው። በዕይታ ብዛት የሚከፍለው ፕሮግራሙ ኢትዮጵያን አይጨምርም፤ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለጀርመንና ለጥቂት ሌሎች አገሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ዱራሜ ተቀምጦ ለንደን ያለ ይመስላል። ክፍያው ግን ለንደን ውስጥ ባለ ሰው ስም መውጣት አለበት። ያ ሰው ዘመድ ከሆነ ደህና፤ ደላላ ከሆነ ገንዘቡን ሲፈልግ ይልካል፣ ሳይፈልግ ይዘጋል። ልጁ ክስ ልመሥርት ቢል በምን ስሙ? አካውንቱ የእሱ አይደለም፣ አድራሻው የእሱ አይደለም፣ አገሩም የእሱ አይደለም። ራሱን ሙሉ በሙሉ የደበቀ ሰው ሲዘረፍም ተደብቆ ነው።

የመደበቂያው ዕቃ ራሱም አስተማማኝ አይደለም። ጥር 2017 ዓ.ም. አድስፓወር የተባለው አንቲ ዲቴክት ብሮውዘር ተጠልፎ፣ ተጠቃሚዎቹ የሚያወርዱት የክሪፕቶ ቦርሳ ማሟያ በሐሰተኛ ተተካ። በጥቂት ቀን ውስጥ 4.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሰረቀ። ሃምሳ አካውንት በአንድ ቦታ የሰበሰበ ሰው ሃምሳ የይለፍ ቃልም ለአንድ ሌባ ሰብስቦ አስቀምጧል።

«ታዲያ ምን ይብላ?»

ይህ ጥያቄ ፌዝ አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናም በዱራሜ ካምፓሱም በየዓመቱ ያስመርቃል። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ክልሉ ግን ያሉትን ሠራተኞች ደመወዝ በወቅቱ መክፈል አቅቶት የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች አቤቱታ ሲሰማ ቆይቷል። ሥራ ይዞ ደመወዝ ያጣ መምህር እያየ ያደገ ልጅ አካውንት ቢደራርብ ስንፍና ነው ማለት ግፍ ነው። ዓለም አቀፎቹ ኩባንያዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። የኢትዮጵያን ዕይታና ጊዜ ይወስዳሉ፣ ማስታወቂያ ያሳያሉ፣ ክፍያ ሲደርስ አገሯን ከዝርዝሩ ያወጣሉ።

ነገር ግን በሩ ተዘግቷል ማለት በመስኮት የሚያስገባው ሰው ወዳጅ ነው ማለት አይደለም። የደቡብ አፍሪካውም ደላላ የተዘጋ በር ነበር የሚያሳየው። በረሃብተኛ ላይ የሚነግድ ሰው ረሃቡን አልፈጠረውም፤ ነጋዴ መሆኑ ግን አይቀርም። ከዚህም በላይ ዳፋው ለጎረቤት ይተርፋል። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አይፒ አድራሻ መጋራታቸው የተለመደ ነው። አንዱ ሃምሳ የሐሰት ሰው ሲፈጥር ተጠርጣሪ የሚሆነው መስመሩ ነው። በእውነተኛ ስሟ የዲዛይን ሥራ የምትሸጥ የሾኔ ልጅ አካውንቷ ያለ ምክንያት ሲታገድባት ማን እንዳስቀጣት አታውቅም።

መንግሥትስ በምን አፉ ይናገራል? ሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት፣ ፌስቡክ የአገር ውስጥ ተጠቃሚዎችን ያነጣጠረ መረብ ማውረዱን አስታወቀ፦ 65 የፌስቡክ አካውንት፣ 52 ገጽ፣ 27 ቡድንና 32 የኢንስታግራም አካውንት። ምርመራው ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ከኢንሳ፣ ጋር ግንኙነት ያላቸውን ግለሰቦች እንዳገኘ ኩባንያው ገልጿል። የሐሰት መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያን ጊዜ ከወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። አዋጁ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት ያሰራጨን ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ያስፈርድበታል። ለአንድ ሰው እንዲህ የሚጠብቅ ሕግ ለ65 ጭምብልስ?

ይህ ነው ነገሩን ከኪስ ጉዳይ አውጥቶ የአገር ጉዳይ የሚያደርገው። ዛሬ አንድ ልጅ ለሃምስተር ብሎ የሰበሰበው ሃምሳ አካውንት ነገ ለሚከፍል ሁሉ የሚከራይ ሠራዊት ነው። ደመወዜ ለወራት አልተከፈለኝም ብላ የጻፈች መምህርት ሥር አርባ ሰው መጥቶ «ውሸት ነው» ቢላት፣ አርባው አንድ ሰው መሆኑን በምን ታውቃለች? አንባቢውስ በምን ያውቃል? ሕዝብ ቁጥሩን ሲያጣ ድምፁን ያጣል። በሀዲያም በከምባታም ሽማግሌ ሸንጎ ሲቀመጥ የሚናገረው ሰው ተነስቶ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቆ ነው የሚናገረው። ጭምብል አድርጎ የመጣ ምስክር አይሰማም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ግልጽ ነው። ብሔራዊ ባንክ በእውነተኛ ስሙ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ወጣት ዶላሩን በቀላሉ የሚቀበልበትን መንገድ ይክፈት፤ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የምስክር ወረቀት ክፍያ መቀበያ ከሌለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ፕሮክሲ ምን እንደሆነ፣ አድራሻው የማን እንደሆነ ደላላው ሳያስተምር ቀድሞ ያስተምር። መንግሥት የራሱን ጭምብል አውልቆ ከዚያ በኋላ ስለ ሐሰተኛ አካውንት ያውራ። ወላጅም ልጁ «ሥልጠና» ብሎ ብር ሲጠይቀው ወደ ሞያሌ ልሂድ ሲለው የሚጠይቀውን ጥያቄ ይጠይቅ፦ ገንዘቡን ማን ቀድሞ ይወስዳል? መንገዱ ለምን ይደበቃል? ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?

መልሱ «እኔ ብቻ» ከሆነ ሻጩ አሠልጣኝ አይደለም። ደላላ ነው፣ በስሙ ይጠራ።