በአይሮፕላን አደጋ የሞተ ሰው ካሣ ከማን ይጠየቃል?

በጎጃም ልማድ ሰው የሰው ሕይወት ያጠፋ እንደ ሆነ ገዳዩም የገዳዩም ወገን ይታወቃል። ሽማግሎችና ካህናት መስቀል ይዘው በመካከል ይገባሉ፤ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን ፊት ይወድቃል፤ ጉማው ተከፍሎ ደም ይደርቃል። ይህን ቢቸናም ሞጣም ያውቀዋል። ነገር ግን ሟቹ በአይሮፕላን ተሳፍሮ ሳለ የሞተ እንደ ሆነ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣው ማን ነው? ነጂው እንዳይባል እርሱም ከተሳፋሪዎቹ ጋራ ሞቷል። ዛሬ ከሁለቱም አገር ልጆቻችን ለትምህርትም ለሥራም ባሕር ማዶ የሚሻገሩት በአየር ስለ ሆነ፣ ነገሩን በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ከሞጣ ብዙ ሳይርቅ በባሕር ዳር የሆነውን በእድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ያስታውሱታል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ለመብረር የተነሣው ቦይንግ 737 አይሮፕላን የርግብ መንጋ ገብቶበት ሞተሮቹ ኃይል አጡ፤ በግድ ሲያርፍም ተሰባብሮ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እንግዲህ ርግብን ማን ይከሳል? የሟች ቤት ግን ገዳይ የለም ተብሎ ባዶውን ሊቀር አይገባም። የአየር ሕግ ከጉማ የሚለየው በዚህ ነው፤ አስቀድሞ ጥፋተኛን አይፈልግም፤ ሰውን ያሳፈረ በደኅና ማድረስ ዕዳው ነው ይላል።

ይህ ሐሳብ ለአገር ለአገር በረራ በ1922 ዓ.ም. በዋርሶ ውል ተጀመረ፤ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ በሞንትሪያል ውል ጸና፤ ኢትዮጵያም የዚህ ውል ተካፋይ ናት። እንደ ውሉ ቃል አሳፋሪው ኩባንያ ለእያንዳንዱ ሟች እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ጥፋት የለብኝም ብሎ ማምለጥ አይችልም። ልኩ የሚቈጠረው ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በሚያወጣው መቍጠሪያ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. 113,100 ነበረ፤ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 151,880 ሆኗል። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ግን ኩባንያው ቸልተኛ እንዳልነበረ፣ ወይም ጥፋቱ የሌላ ብቻ እንደ ሆነ ቢያስረዳ ይድናል።

ያ ሌላ ማን ሊሆን እንደሚችል መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አየን። ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 302 በተነሣ በስድስት ደቂቃ ከቢሾፍቱ አጠገብ በጊምቢቹ ወረዳ ወደቀ፤ 157 ነፍስ ጠፋ። የአይሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፍቀው ሥርዓት ከአንድ ጠቋሚ የተሳሳተ ምልክት ተቀብሎ፣ ነጂዎቹ ቢታገሉትም ደጋግሞ ቍልቍል ገፋው። ይኸው ዐይነት አይሮፕላን ከአምስት ወር በፊት በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ይዞ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ የሟቾቹ ቤተ ሰቦች ሠሪውን የቦይንግን ኩባንያ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ፍርድ ቤት ከሰሱ።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ቦይንግ አይሮፕላኑ ለበረራ የማያስተማምን እንደ ነበረ አምኖ፣ በነጂዎቹም በአየር መንገዱም ሳያመካኝ ኀላፊነቱን ተቀበለ፤ ቤተ ሰቦቹም በፋንታው ለመቀጫ የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቁን ተዉ። ከዚያ ወዲህ የቀረው የካሣው ልክ ብቻ ነው። ብዙዎቹ በስምምነት ጨረሱ፤ ለፍርድ ከቀረቡት የመጀመሪያው በኅዳር 2018 ዓ.ም. ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደለት።

የወንጀሉ ክስ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በ2013 ዓ.ም. ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት ጋራ ተዋውሎ፣ በሁለቱ አደጋዎች ለሞቱት 346 ሰዎች ወራሾች የሚሆን 500 ሚሊዮን ዶላር አስቀመጠ፤ ክሱም በይደር ቆየ። ኋላም በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ዳኛው መዝጋቱ ለሕዝብ የሚጠቅም መስሎ እንዳልታያቸው ጽፈው፣ ለመከልከል ሥልጣን ስለሌላቸው ዘጉት። ብዙ ቤተ ሰቦች ይህን አምርረው ተቃውመዋል። እኛም አንፈርድባቸውም። የጎጃም ሽማግሌ ብሩን ከመቍጠሩ በፊት በደለኛው በአደባባይ ቆሞ በድያለሁ እንዲል የሚያደርገው በከንቱ አይደለምና።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በሞንትሪያል ውል አሳፋሪውን የሚከስ ሰው አይሮፕላኑ ሊደርስ ከሚገባው ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ ይጠፋል። በልማዳችን ተዝካር ሳይወጣ ስለ ገንዘብ መናገር ነውር ነው፤ ዓመቱ በልቅሶ ያልፋል፤ ሁለተኛው ዓመት ደግሞ ወረቀት ፍለጋ ይሮጣል። ኀዘንተኛዋ ራስዋ ባትችል እንኳ ከዘመድ አንዱ አስቀድሞ ቀኑን ይቍጠርላት።

ከሁሉ የሚከብደው የወረቀቱ ነገር ነው። ልጁ በመንደር በአንድ ስም፣ በክርስትና በሌላ ስም ይጠራል፤ በፓስፖርቱ ደግሞ የአባቱ ስም በፈረንጅ ፊደል ተጣሞ ይጻፋል። ሚስቲቱም የሰማንያውን ወረቀት አይጥ በልቶባት ይሆናል። ሩቅ ያለ ዳኛ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ነው ብሎ የሚያምነው በማስረጃ ነው። ስለዚህ ልጁ ገና በሕይወት ሳለ፣ ከመሄዱ በፊት፣ የጋብቻውና የልጆቹ ልደት ይመዝገብ፤ የፓስፖርቱም ግልባጭ በወላጆቹ ሣጥን ይቀመጥ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሞተ ሰው የኑሮ ካሣ እንዲጠይቁ የሚፈቅደው ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወላጆችና ለተወላጆች ነው። ወንድሙን አሳድጎ ያስተማረ ታላቅ ወንድም በዚህ ቍጥር አይገባም፤ ይህ በጎጃም ቤት ጭቅጭቅ ስለሚያመጣ አስቀድሞ ቢታወቅ ይሻላል። ለኀዘን የሚሰጠውንም ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚያን ዘመን ብዙ ከብት ይገዛ የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ በቢቸና ገበያ አንድ በግ አያስጎትትም፤ ሕግ አውጪዎች ቢመለከቱት መልካም ነው።

ለቀብርና ለችግር ተብሎ አስቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ ቢመጣ መቀበል መብትን አያስቀርም፤ ኋላ ግን ከካሣው ሊቀነስ ይችላል። ነገሬን ጨርሻለሁ የሚል ወረቀት ግን ሌላ ነው። እርሱን የፈረመች እናት ኋላ ሌላ ጥፋተኛ ቢገኝ እንኳ መጠየቅ ትከለከል ይሆናልና፣ በአማርኛ ተተርጕሞ ሳይነበብላት አትፈርም። በአሜሪካ ያለ ነገረ ፈጅም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ሳይከፈለው ከካሣው ላይ ድርሻ ይወስዳል፤ ድርሻው ስንት እንደ ሆነ፣ የመዝገቡና የአስተርጓሚው ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ ውክልናው ከመሰጠቱ በፊት በጽሑፍ ይወሰን።