ጋምባው አበባውን ለምን አራገፈ?

በጓሮአቸው ወይም በረንዳቸው ላይ ጋምባ የተከሉ አባቶች ወደ ቢሮአችን ሲመጡ፣ የደብዳቤውና የክፍያው ጉዳይ ካለቀ በኋላ የሚያነሡት ነገር አለ። (ጋምባ የሚባለው የማያቃጥለው የፈረንጅ ቃሪያ ነው።) «አበባው ሞልቶ ነበር፤ ፍሬው ግን የለም። በዚህ አገር እጄ አልቀናኝም» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ያረሰ ሰው እንዲህ ሲል መስማት ያሳዝናል፤ ጥፋቱ የእጅ አይደለምና።

ቃሪያ ሙቀት ቢወድም ልክ አለው። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ወይም ሌሊቱ ከ15 በታች ሲቀዘቅዝ ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል፤ ሲብስበት አበባውን ያራግፋል። ስለዚህ አንዱ ዘር ቦታው ሲለወጥ ምርቱም ይለወጣል። ደጋና ቆላ አንድ ዓይነት እንደማይዘራ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ማረቆ ፋናና ባኮ ሎካል የተባሉት በርበሬዎችም ስማቸውን ያገኙት ከበቀሉበት ቦታ ነው።

እዚህም እንደዚያው ነው። በዓራቫ በረሃ ጋምባ በኦገስት ገደማ በመረብ ጥላ ሥር ይተከልና ክረምቱን በሙሉ ይለቀማል። (ክረምት ስል የዚህን አገር ብርድ ማለቴ ነው፤ የሐምሌን ዝናብ አይደለም።) በናታንያ ግን የክረምቱ ሌሊት ለውጭ ተክል ይቀዘቅዛል፤ እዚህ በማርች መጨረሻና በአፕሪል ተክሎ ከከባዱ ሙቀት በፊት ፍሬ ማስያዝ ይሻላል። በዓራቫ አንደኛ የወጣ ዝርያ በእኛ ቀይ አሸዋማ አፈር መጨረሻ ሊወጣ ይችላል። በዓራቫ ያለው የያኢር ጣቢያም ሆነ በቤሶር ያሉት ተመራማሪዎች ዝርያዎችን ጎን ለጎን ተክለው በየራሳቸው አፈር የሚመዝኑት ለዚህ ነው።

እናንተም ሞክሩት። ከችግኝ መሸጫው፣ ከሚሽታላ፣ ሁለት ዓይነት ጋምባ ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት ችግኝ ግዙ። በአንድ ቀን፣ በአንድ አፈር ትከሉ፤ ውኃውንም እኩል አድርጉ። የለቀማችሁትን ሁሉ መዝኑ፤ ልጆቹ በደብተር ይጻፉላችሁ። በመጀመሪያው ለቀማ አትፍረዱ፤ ቀድሞ የደረሰው በመጨረሻ ሊበለጥ ይችላል። በረንዳችሁ ወደ ምዕራብ ከሆነ በጁላይ ከሰዓት በኋላ ጥላ አድርጉለት።

ስለ ዘር ደግሞ፦ ከሱቅ የተገዛ ጋምባ አብዛኛውን ጊዜ ድቅል ስለሆነ ዘሩ እናቱን አይመስልም። በርበሬ አጠገቡ ብትተክሉ የዘንድሮው ጋምባ አያቃጥልም፤ ከእሱ የወሰዳችሁት ዘር ግን የሚያቃጥል ሊያበቅል ይችላል። ከኢትዮጵያ ዘር ለማምጣት የግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዘመድ በሻንጣው ይዞ ከመነሣቱ በፊት ንገሩት።