ስም ሲጠበቅ እምነት ሲጠፋ



በአማርኛችን «እምነት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንዱ ሃይማኖት ነው፤ ሌላው ሰው በሰው ላይ የሚጥለው መተማመን ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። ሁለተኛው ሲናድ የመጀመሪያውም አብሮ ሊናድ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ቢፈለግ የአየርላንድ ካቶሊካውያን ታሪክ አለ። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንመለከተው እሱን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ይህን የምንጽፈው በሌላው ሃይማኖት ተከታዮች ቁስል ለመሳለቅ አይደለም። የተበደሉት የካቶሊክ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ እውነቱ እንዲወጣ የታገሉትም ብዙዎቹ እዚያው ቤት ያደጉ ሰዎች ናቸው። ልጅ ያለው ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚማረው ስላለ እንጽፋለን።

ከፍታው

ለአየርላንድ ሕዝብ ካቶሊክነት ተራ የሃይማኖት መለያ አልነበረም። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ካቶሊኮች መሬት እንዳይገዙና ሥልጣን እንዳይዙ የሚከለክሉ ሕጎች ሲወጡ፣ ካህኑ ከድሃው ሕዝብ ጋር አብሮ የተገፋ ሰው ነበር። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላም አብዛኛውን ትምህርት ቤት፣ ብዙውን ሆስፒታልና የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ የምታስተዳድረው ቤተ ክርስቲያኗ ነበረች። በ1961 የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው 95 የሚሆነው ራሱን ካቶሊክ ብሎ አስመዝግቧል። በ1970ዎቹም ከአሥር ካቶሊክ ዘጠኙ ያህል በየሳምንቱ ቅዳሴ ይገኝ ነበር።

በ1979 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አየርላንድን ጎበኙ። በደብሊን ከተማ ፊኒክስ ፓርክ በተደረገው ቅዳሴ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተገኘ። የአገሪቱ ሕዝብ ያኔ 3.4 ሚሊዮን ያህል ነበርና ከሦስት ሰው አንዱ በአንድ መስክ ላይ ተሰበሰበ ማለት ነው። ያን ቀን ይህ ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያኑ ይለያል ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር ማን ይሰማው ነበር?

ከ39 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በዚያው መስክ ላይ ቀደሱ። 500 ሺህ የመግቢያ ትኬት ታድሎ ነበር፤ የመንግሥት አካላት እንደገመቱት ግን የመጣው ሰው 150 ሺህ ያህል ነው። በርግጥ ቀኑ ዝናባማ ነበር። ነገር ግን ዝናብ ብቻውን ይህን ሁሉ ሕዝብ አያስቀርም። በሜኑት የሚገኘው ብሔራዊ የካህናት ማሠልጠኛም በ1795 የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2017 ሥልጠና የጀመሩት አዲስ ገቢዎች ስድስት ብቻ ነበሩ።

የ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ካቶሊክ ነኝ ያለው ሰው ከመቶ 69 መሆኑን አሳየ። ሃይማኖት የለኝም ያሉት ከ736 ሺህ በላይ ናቸው፤ ይህም ከመቶው 14 ያህል ነው። ልብ በሉ! ከወጡት ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሃይማኖት አልሄዱም። በሃይማኖት ሰዎች ላይ የነበራቸው አመኔታ ሲሰበር ከሃይማኖት ከራሱ ራቁ። በዚህ ደስ የሚለው አማኝ ካለ ነገሩን በደንብ አላሰበበትም።

በደሉና መሸፋፈኑ

ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ማለት ከእውነት ያርቃል። በ1967 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙ ወጣት ተማረ። ከ1990ዎቹ ወዲህ አገሪቱ በለጸገች፤ የአኗኗር ዘይቤ ተለወጠ። ይህ በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም የታየ ነው። ይሁን እንጂ ብልጽግና ሰውን ቀስ በቀስ ያዘናጋዋል እንጂ አያስቆጣውም። የአየርላንድ ሰው ግን ተቆጥቶ ነው የወጣው። ለምን?

በ1992 የጎልዌይ ጳጳስ የነበሩት ኤይመን ኬሲ በስውር ልጅ መውለዳቸው ታወቀና ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1979ኙ ጉብኝት በጎልዌይ የተሰበሰቡትን ወጣቶች መድረክ ላይ ሆነው ሲያነቃቁ የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ሕዝቡ ደነገጠ፤ ግን ቻለው። ሰው ይሳሳታል አለ። ያልቻለው በኋላ የመጣውን ነው።

ብሬንዳን ስሚዝ የተባለ ካህን ለአሥርተ ዓመታት ሕፃናትን በወሲብ ሲበድል ኖሯል። አለቆቹ ያውቁ ነበር፤ ያደረጉት ነገር ቢኖር ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው። በ1975 ሁለት ልጆች የደረሰባቸውን ለቤተ ክርስቲያን መርማሪዎች ተናገሩ። ቃላቸው ተጻፈ። ከዚያም ምስጢሩን ለማንም እንዳይናገሩ መሐላ አስፈረሟቸው። ለፖሊስ የነገረ የለም። ሰውየው ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሌሎች ልጆችን በደለ። በምርመራው ከተሳተፉት ካህናት አንዱ ሾን ብሬዲ ኋላ ካርዲናልና የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆኑ፤ ነገሩ በ2010 ሲወጣም ይቅርታ ጠየቁ። ስሚዝ በ1994 ቤልፋስት ላይ ተፈረደበት። እሱን አሳልፎ ለመስጠት የቀረበው ጥያቄ በደብሊን ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለወራት በመጓተቱ የተነሣው ቀውስ በዚያው ዓመት የጠቅላይ ሚኒስትር አልበርት ሬይኖልድስን መንግሥት እስከ መጣል ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ መጋረጃው እየተገለጠ ሄደ። በ2009 ሁለት ታላላቅ ዘገባዎች ወጡ። የመጀመሪያው በገዳማውያን ማኅበራት ይተዳደሩ ስለነበሩት የድሆችና ወላጅ አልባ ልጆች ተቋማት የተጠና ነው። ከ1,000 በላይ ሰዎች ስለ ድብደባው፣ ስለ ረሃቡና ስለ ወሲባዊ ጥቃቱ መስክረዋል። የትምህርት ሚኒስቴር ተቆጣጣሪዎችም አይተው እንዳላዩ ማለፋቸው ተጽፏል።

ሁለተኛው ዘገባ የደብሊን ሀገረ ስብከት ከ1975 እስከ 2004 የቀረቡለትን አቤቱታዎች እንዴት እንደያዘ መረመረ። የደረሰበት ድምዳሜ መራራ ነው። የመሪዎቹ ቀዳሚ ጭንቀት ምስጢሩ እንዳይወጣ፣ ስም እንዳይጠፋና ንብረት እንዳይነካ ነበር፤ የልጆቹ ደኅንነት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነበር። ሀገረ ስብከቱ በ1987 ከእንዲህ ዓይነት ክስ ለሚመጣ ወጪ የመድን ዋስትና ገብቶ እንደነበረም ታወቀ። አናውቅም ነበር የሚል ሰው ለማያውቀው ነገር ዋስትና ይገባልን?

በዚሁ ዘገባ ውስጥ የቃል አጠቃቀምን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የደብሊን ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ዴዝመንድ ኮኔል ለአንድ በዳይ ካህን የካሣ መክፈያ የሚሆን ገንዘብ ከሀገረ ስብከቱ አበድረው ነበር። ለጋዜጠኞች ግን የሀገረ ስብከቱ ገንዘብ ለካሣ አይውልም አሉ። በኋላ ሲጠየቁ «አይውልም» ማለታቸው ስለ አሁኑ እንጂ «አልዋለም» ማለታቸው እንዳልሆነ አስረዱ። ሰሚውን በሙሉ ውሸት ሳይሆን በግማሽ እውነት ማሳሳት መሆኑ ነው። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ካህናቱ ከዚህ በፊት የተናገሩትንም ሁሉ መጠራጠር ጀመረ።

ጉዳዩ በዚህም አላበቃም። ካትሪን ኮርለስ የተባሉ የአካባቢ ታሪክ አጥኚ፣ በቱዋም ከተማ መነኮሳት ያስተዳድሩት በነበረው የእናቶችና ሕፃናት ማቆያ ከ1925 እስከ 1961 የሞቱ 796 ሕፃናትን የሞት ማስረጃ አንድ በአንድ ሰበሰቡ። የአብዛኞቹ መቀበሪያ በመዝገብ አልተገኘም። በ2021 የወጣ የመንግሥት ዘገባም በተመረመሩት 18 ተቋማት 9,000 ያህል ሕፃናት መሞታቸውን ገለጸ። በ2024 ደግሞ ገዳማውያን ማኅበራት ያስተዳድሯቸው በነበሩ 308 ትምህርት ቤቶች 2,395 የወሲብ ጥቃት አቤቱታዎች መመዝገባቸው ይፋ ሆነ። አበው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ያልተሸፈነ ቁስል

ሚዛን ለመጠበቅ ሌላውንም እንናገር። በ2004 የደብሊን ሊቀ ጳጳስ የሆኑት ዲያርሙድ ማርቲን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የቤተ ክርስቲያኗን ሰነዶች ለመርማሪዎቹ አስረከቡ። ኮኔል በ2008 ከሰነዶቹ ከፊሉ እንዳይታይ ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ ኋላ ተዉት። በ2011 ማርቲን በካቴድራላቸው ውስጥ በተደረገ የንስሐ ጸሎት ላይ ጎንበስ ብለው የተበዳዮችን እግር አጠቡ። ከተበዳዮቹም መካከል ሳይቀሩ እኚህን ሰው ያመሰገኑ ነበሩ። ይህም ሰው የሚጠይቀው ኃጢአት የሌለበትን መሪ ሳይሆን የማይዋሸውን መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን ያ ሲሆን መሽቶ ነበር። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የተሸፈነ ቁስል በአንድ ቀን አይድንም።

ወላጆች ሆይ!

ይህ ሁሉ እኛን ምን ይመለከተናል ትሉ ይሆናል። ልጆቻችንን ለመድረሳ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለአስጠኚና ለዘመድ አደራ እንሰጣለን። አደራ የተሰጠው ሰው የተከበረ በሆነ መጠን እኛ መጠየቅ እናፍራለን። አየርላንድ ውስጥ ልጆቹን የጎዳው አንዱ ነገር ይህ ሐፍረት ነው። ልጁ ሲናገር «ስለ ካህን እንዲህ ይባላል?» ተብሎ በጥፊ የተመታበት ቤት ነበር። እኛስ ልጃችን ስለ ኡስታዙ ወይም ስለ አጎቱ አንድ ነገር ቢነግረን መጀመሪያ የምናስበው ስለ ልጁ ነው ወይስ ስለ ስማችን?

የሰውን ገመና መሸፈን በዲናችን የተወደደ ነው። ነገር ግን ገመናና በደል አይምታቱብን። አንድ ሰው በራሱና በጌታው መካከል የፈጸመው ስሕተት ገመና ነው። በሌላው ልጅ አካልና ልብ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ግን ባለቤት ያለው ሐቅ ነው፤ ባለ ሐቁም ልጁ ነው። በልጁ ፈንታ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይቅር ሊል፣ በዳዩን ወደ ሌላ ሠፈር ሸኝቶ ነገሩን ሊዘጋ አይችልም። ሱረቱ አን-ኒሳእ በራስ፣ በወላጅና በቅርብ ዘመድ ላይ እንኳ ቢሆን በእውነት መመስከርን ያዘናል። የመስጊዱን፣ የመድረሳውን ወይም የቤተሰቡን ስም ለመጠበቅ ተብሎ የሚደረግ ዝምታ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለዚህ ልጅ የሚማርበትን ቦታ ሳያስታውቁ ሄዶ ማየት አሳፋሪ ነገር ተደርጎ አይታይ። ልጅና መምህር በተዘጋ ክፍል ለብቻቸው እንዳይሆኑ ሥርዓት ይኑር። ልጅ ማንም ቢሆን ምስጢር ያዝ ብሎ ሲያስፈራራው ለእናቱና ለአባቱ እንዲነግር ገና በትንሽነቱ ይለማመድ። ሲናገርም ሳይቆጡ፣ ሳያቋርጡ ይሰማ። የወንጀል ጥርጣሬ ሲኖር ጉዳዩ ወደ ሕግ ይሂድ፤ ሰውየው ንጹሕ ከሆነም በሕግ ይጣራለት። የመስጊድና የመድረሳ ኮሚቴዎችም አቤቱታ የሚቀበል ሰው ማን እንደሆነ ለወላጆች በግልጽ ያሳውቁ።

በ1975 ሁለት ልጆች እውነቱን ተናግረው ነበር። ያን ቀን ትልልቆቹ ሰምተው ወደ ፖሊስ ቢሄዱ ኖሮ ቤተ ክርስቲያኗ አንድ መጥፎ ካህን ይወጣባት ነበር፤ ሕዝቡ ያዝናል፣ ከዚያም ይረሳል። እነሱ ግን ስሙን መረጡ። ስሙም አልዳነ፣ ልጆቹም አልዳኑ፣ ሕዝቡም ወጣ።

አላህ አደራ የሚጠብቁ፣ ልጅ ሲናገርም የሚሰሙ ያድርገን። ወቢላሂ አት-ተውፊቅ።