ስታዲየሙ የማን ነው?

በጥር 1954 ዓ.ም. ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግን እዚያችው ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ ሄደን ነው፤ ሜዳችን የካፍን መስፈርት ስላላሟላ። ያሳፍራል!

ሆኖም መስፈርት ማሟላት ብቻውን በቂ አይመስለኝም። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ የሚሉትን ስሞች ያወጣው መሐንዲስ ሳይሆን ርካሹን ትኬት ቆርጦ የሚገባው ሕዝብ ነው። ከሰንጋ ተራ በእግሩ ይመጣ የነበረው ደጋፊ ቤቱ ፈርሶ ብዙው ዳር ከተማ ገብቷል፤ በቦታው የባንክ ፎቆችና ኮንዶሚኒየም ቆመዋል። አሁን ደግሞ ትኬቱ ከተወደደበት ጨርሶ ይቀራል። ወንበሩ ይታደስ፣ እሰየው! የካታንጋ ዋጋ ግን የካታንጋን ሰው አቅም ያገናዝብ። ያለዚያ ያማረ ባዶ ሜዳ ነው የሚተርፈን።