መሥራች አትሁኚ

የአክስቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ወር ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ወንድሜ፣ ለፕሮጀክቴ ዌብሳይት ትሠራልኛለህ? እስከ እሑድ ይደርሳል?» ብላ ጻፈችልኝ። «ፕሮጀክቱ ምንድን ነው?» አልኳት። ገና አልወሰነችም። ስሙ ግን ወጥቷል፣ ሎጎው ተሠርቷል፣ «መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ማዕረግም ተጽፏል። ያልተገኘው የሚረዳው ሰው ብቻ ነው።

ልጅቷ አስመሳይ አይደለችም። ከትምህርት ቤት መልስ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ጥያቄዎች ትሠራለች፣ ማታ ለኤስኤቲ ታጠናለች፣ ቅዳሜ የክርክር ውድድር አለባት። በዚህ ሁሉ ላይ «ማኅበረሰብን የለወጠ» ሥራ ጨምሪ ተብላለች። በቀን የምትተኛው አምስት ሰዓት ነው። በ16 ዓመቷ! የተናደድኩት በእሷ አይደለም፤ ይህን ጨዋታ ባስተማርናት በእኛ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አሜሪካ ለሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱ ብዙ ልጆች ኮመን አፕ የሚባለውን ፎርም ይሞላሉ። ፎርሙ ከክፍል ውጭ ለተሠራ ነገር 10 ቦታ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ ቢበዛ 150 ሆሄ። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ፎርም ሰውን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ባዶ ቦታ ያየ ሰው ይሞላዋል፤ አሥር ካለ አሥሩንም። 150 ሆሄ ውስጥ ደግሞ «መሠረትኩ» የሚለው ቃል «በየሳምንቱ እየሄድኩ አግዛለሁ» ከሚለው ያነሰ ቦታ ይወስዳል፣ የበለጠም ያምራል።

ውድድሩን አልጠላውም። እንዲያውም እከራከርለታለሁ። የኦሊምፒያድ ጥያቄ አያዳላም፦ ወይ አረጋግጠሻል ወይ አላረጋገጥሽም። ኮድፎርስስ ላይ የላክሽው ኮድ ፈተናውን ካላለፈ አላለፈም፤ የትኛውም ፎቶ አያድነውም። ብትሸነፊ የምትጎጂው አንቺው ነሽ፣ ነገ ደግሞ ትሞክሪያለሽ። ፕሮጀክት ሲከሽፍ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ያውም «ኑልኝ» ያላለ ሰው።

ይህን ከየት አመጣኸው ካላችሁ፣ ከራሴ ነው። 11ኛ ክፍል እያለሁ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር 12 አሮጌ ኮምፒውተሮች ሰብስበን ከአዲስ አበባ የሦስት ሰዓት መንገድ ወዳለ ትምህርት ቤት ወሰድን። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፣ ርእሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ፣ እኛ ፎቶ ተነሣን። «ለሥልጠና እንመለሳለን» ብለን ቃል ገባን። በዚያ ፎቶ ትምህርት ቤታችን ሸለመኝ፤ የምስክር ወረቀቱን እናቴ ሳሎን ሰቀለችው። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ በቃ ተረሳ።

የኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆኜ በዚያ መንገድ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ኮምፒውተሮቹ በአልጋ ልብስ ተሸፍነው እንደተደረደሩ ነው። ክፍሉ ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ነው፤ ፎቶ በተነሣን ቀን ማናችንም አላየነውም። ኃላፊነት የተሰጣቸው መምህር ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው «ትመለሳላችሁ ብዬ ለማንም አልሰጠሁም» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቀን እዚያው አድሬ ስሞክር የተነሡት አራት ናቸው። ኋላ ላይ ሥራዬ ያስተማረኝም ይኸንኑ ነው፤ አዲስ ነገር መጀመር የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲበላሽ ስልክ የሚያነሣ ሰው መኖሩ ነው።

አገልግሎት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ይገደዱ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተምረዋል። ግዴታ ነው፣ ሁሉም በደስታ ሄደ አልልም። ግን አንድ ዓመት የኖረ ሰው የተማሪዎቹን ስም ያውቃል። ዕድርንም እዩት። «የዕድሩ መሥራች» ብሎ ካርድ የሚያሳትም የለም፤ ድንኳን የሚተክል፣ አግዳሚ የሚሸከም፣ በየወሩ መዋጮ የሚሰበስብ ነው ያለው። ቆሞ የኖረውም በእነሱ ነው።

«የድሃ ልጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያገኘው በዚህ መንገድ እኮ ነው፤ ለምን ትዘጋባቸዋለህ?» የሚለኝ አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን ፎርሙን ደግማችሁ አንብቡት። ለእያንዳንዱ ሥራ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጠይቃል። «መሥራች ካልሆንሽ አንቀበልሽም» የሚል መስመር የለበትም። እሱን የጻፍነው እኛ ነን፦ በገንዘብ የሚያማክሩ ሰዎች፣ በልጆቹ ፎቶ የሚያስተዋውቁ ትምህርት ቤቶች፣ «የእነ እገሌ ልጅ ድርጅት ከፈተች» እያልን ቡና ላይ የምናወዳድር ዘመዶች።

ደግሞ ሥራው ሩቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ኦሊምፒያድ የምትሠራ ልጅ የሰፈሯን ሦስት የ9ኛ ክፍል ልጆች ሰብስባ በየቅዳሜው ሒሳብ ብታስጠናስ? ሎጎ አያስፈልግም፣ ዌብሳይት አያስፈልግም። ለሌላ ሰው ማስረዳት ለእሷም ለውድድሩ ዝግጅት ነው። ሁለት ሸክም የነበረው አንድ ይሆናል፣ እንቅልፍም ይተርፋል። ሁለት ዓመት ከቆየች ደግሞ 150 ሆሄዋን የምትሞላው በእውነት ነው።

ዌብሳይቱን አልሠራሁላትም። ይህንኑ ሁሉ ስነግራት «አንተማ አልፈሃል፣ ምን ቸገረህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልፌያለሁ፣ ያውም በዚያ ፎቶ። የምስክር ወረቀቱ ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል። እናቴን «አውርጂው» ማለት እስካሁን አልቻልኩም።