የጋዜጠኝነት ዲግሪ፤ ዋጋውና ገቢው

የአንደኛ ዓመት ትምህርታቸውን የፈጸሙ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ወራት በደረሰ ቍጥር፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ እያሉ፣ ሌሎቹም በዘመድ በወዳጅ እየላኩ፣ «ጋዜጠኝነት ያበላል ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ግልጽ ስለ ሆነ መልሱን በግልጽ፣ ያውም በቍጥር መስጠት ይገባናል። እኛም ከዚሁ ገበታ የምንቈርስ ነንና ፍርዳችን በጥቂቱ ቢያዘነብል አንባቢ ይታገሠናል ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ወጪውን እንመልከት። በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የሚማር ወጣት ብዙ ጊዜ በነጻ የሚማር ይመስለዋል። ዳሩ ግን ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ደንብ፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያውም ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን፣ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ከመቶ 10 በማያንስ ሒሳብ እየከፈለ እንዲጨርስ ደንግጓል። ውሉን ሲገባ የሚፈርመው ሁሉ ነው፤ አንብቦ የሚፈርመው ግን ጥቂት ነው። ይህም ቢሆን ከወጪው ትንሹ ነው። ትልቁ ወጪ አራት ዓመት ነው፤ በነዚህ ዓመታት ሠርቶ ቤተሰቡን ሊረዳ ይችል የነበረው ልጅ የሚያጣውን ገቢ በደንቡ ላይ ማንም አልጻፈውም።

ወደ ገቢው ስንመጣ፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ የመነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ልዩ ልዩ የመገናኛ ብዙኃን ድርጅቶች የየራሳቸው ስኬል ቢኖራቸውም ይህን ለመለኪያ እንያዘው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት 2,100 ብር ግብር፣ ከመቶ 7 የጡረታ መዋጮ ደግሞ 805 ብር ይቀነሳል፤ የቀረው 8,595 ብር ነው። ለወጪ መጋራት 1,150 ብር ቢወጣ እጅ ላይ የሚገባው 7,445 ብር ይሆናል። በአዲስ አበባ የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ከዚህ ምን ያህሉን እንደሚወስድ ለተከራይ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጋዜጠኛው ብቻውን አልተበደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛውም ቢሆን የሚነሣው ከዚያው እርከን ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በኋላ ነው። የሒሳቡ ሰው ባንክ አለው፤ ነጋዴ አለው። ለጋዜጠኛው የሚጠብቀው የግል ጋዜጣ ግን አቅሙ የሳሳ ነው፤ ወረቀቱም ከውጭ አገር በምንዛሪ የሚገዛ ስለ ሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኅትመት ዋጋ ጫናው ከብዷል። ስለዚህም ከተመራቂዎቹ ብዙዎች ወደ ሕዝብ ግንኙነት ክፍልና ወደ ርዳታ ድርጅቶች ይሄዳሉ። ዜና ለመጻፍ የተማረው ልጅ የአለቃውን ንግግር ሲያሳምር ይውላል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣት ሹማምንት መካከል ነገሩን ከኛ ይልቅ የሚያውቁት አይጠፉም። ሥራው አንዳንድ ጊዜ ከፍርድ ቤት ደጃፍ የሚያደርስ መሆኑም ከወጪው ወገን ሊቈጠር ይገባዋል።

ለመሆኑ ዲግሪው የግድ ነውን? ጳውሎስ ኞኞ በትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል ብዙ አልዘለቀም፤ በዚህ አገር ጋዜጣ ያነበበ ግን ስሙን ያውቃል። በዓሉ ግርማ በበኩሉ በአገር ውስጥ ከተማረ በኋላ አሜሪካ ተሻግሮ በሚሺጋን በከፍተኛ ትምህርት ተመረቀ። ሁለቱም ሠሩ። ዛሬ ግን ጳውሎስ ቢመጣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ገና ከበሩ ይመልሰው ነበር። የሚያስገርመው፣ ያው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ «በጋዜጠኝነት፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም በተመሳሳይ ሙያ» የሚል መሆኑ ነው። ያለ ሕክምና ዲግሪ ሐኪም መሆን አይቻልም፤ የጋዜጠኝነት ዲግሪ ግን ወረቀት ይጠይቃል እንጂ በሩን ለባለቤቱ ብቻ አይጠብቅለትም።

በኛ አስተያየት፣ ሕግ ወይም ምጣኔ ሀብት በመጀመሪያ ዲግሪ ተምሮ ጋዜጠኝነትን በሁለተኛ ዲግሪ፣ አለዚያም በሥራ ላይ የሚጨምር ሰው የተሻለ ይጠቀማል። የበጀት ሠንጠረዥ አንብቦ የሚረዳ ሪፖርተር የትም ቢሆን ይፈለጋል፤ ጋዜጣው ቢዘጋ እንኳ ሙያው አብሮት አይዘጋም። ሁለተኛ የአገር ቋንቋ አጥርቶ የሚጽፍም እንዲሁ ነው። በቀጥታ ጋዜጠኝነትን ለመማር የቈረጠ ተማሪ ቢኖር ደግሞ አንከለክለውም፤ ነገር ግን ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄዶ፣ የሬዲዮ ስቱዲዮው ይሠራ እንደ ሆነ፣ ተማሪዎቹ የሚያዘጋጁት ጋዜጣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚወጣ፣ ለልምምድ የሚላኩትም የት፣ ለስንት ሳምንትም እንደ ሆነ ይጠይቅ። መልሱን ከመምህራኑ ይልቅ ከአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ቢሰማው ይሻለዋል።