ጫጩቷ መከተቧን አይከል ላይ ማን ያውቃል?

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የአንድ ቀን ጫጩት ነገር ከግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሪፖርት ጠፍቶ አያውቅም። ስንት ሺሕ ጫጩት እንደተሠራጨ፣ ስንት ቀበሌ እንደተዳረሰ ይነገረናል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ከመፈልፈያው በአግባቡ ተከትቦ እንደወጣ ግን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው የባለሙያ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ከጎንደር በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የጭልጋዋ አይከል፣ ተበድሮ ዶሮ ለማርባት ለተነሳ ሰው ግን የመክሰርና ያለመክሰር ጉዳይ ነው።

ነገሩን በማሬክ በሽታ ላስረዳ። ማሬክ በላባና በቆዳ ብናኝ የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን፣ ብናኙ በዶሮ ቤት ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ክትባቱ ጫጩቷ ከቫይረሱ ጋር ሳትገናኝ፣ በተፈለፈለችበት ዕለት እዚያው መፈልፈያው ውስጥ በአንገቷ ቆዳ ሥር መሰጠት አለበት። ያ ቀን ካለፈ አይከል ላይ የቱንም ያህል ጎበዝ የእንስሳት ሐኪም ቢኖር የሚያድነው ነገር የለም። በሽታው ደግሞ ቶሎ አይታይም። ዶሮዋ ጥቂት ወራት በልታ፣ አድጋ፣ አንዳንዴም እንቁላል ልትጥል ስትደርስ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ትወድቃለች። ባለቤቷ በዚያን ጊዜ መኖውን አብልቶ ጨርሷል፤ ሻጩም ገንዘቡን ይዞ ከሄደ ሰንብቷል። በእኔ እምነት የችግሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው። ጥፋቱ በሚፈጸምበትና ኪሳራው በሚታይበት ቀን መካከል ያለው ርቀት ማንንም ተጠያቂ እንዳይሆን አድርጓል።

ጥፋቱ እንዴት ይፈጸማል? ብዙ ጊዜ በተንኮል ሳይሆን በጥድፊያ ነው። በስፋት የሚሠራበት የማሬክ ክትባት ሕይወት ያላቸው ሴሎች የያዘ በመሆኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ሲወጣ ለብ ባለ ውኃ በደቂቃ ገደማ ውስጥ ይሟሟል፤ ከተቀላቀለም በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ናይትሮጅኑ ጎድሎ ያልታየበት ዕቃ፣ ከምሳ በፊት ተበጥብጦ ከምሳ በኋላ የተወጋ ክትባት፣ ለአንድ ሺሕ ተብሎ የተዘጋጀው ለሁለት ሺሕ እንዲዳረስ መቅጠን፣ መርፌ ሳይቀየር ሺዎችን መውጋት፤ ከእነዚህ አንዱ ብቻ በቂ ነው። ጫጩቷ ተወግታለች፤ ተከትባለች ማለት ግን አይደለም።

ስለ ከታቢዎቹም መነሳት ያለበት ነገር አለ። ከናይትሮጅን የወጣ ብልቃጥ ሲሟሟ ሊፈነዳ ስለሚችል ያለ ፊት መከላከያና ያለ ጓንት መንካት ዓይን ያስከፍላል። ናይትሮጅኑ ራሱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲተን አየሩን ተክቶ ሰው ያፍናል። ለወላጅ ዶሮዎች የሚሰጠው በዘይት የተዘጋጀ ክትባት በስህተት ጣት ውስጥ ከገባ ደግሞ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ቢመስልም በአፋጣኝ ሐኪም ካላየው ጣት እስከ ማጣት ያደርሳል። በቀን ሺሕ ጫጩት እንዲወጉ ለሚቀጠሩ ወጣቶች ይህን ሁሉ አስቀድሞ መንገር የአሠሪው ግዴታ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በአንዳንድ አገሮች መፈልፈያዎች ከክትባቱ ጋር አንቲባዮቲክ የመስጠት ልማድ ነበር። በካናዳዋ ኩቤክ መፈልፈያዎቹ ሴፍቲዮፈር የተባለውን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 በፈቃዳቸው ሲያቆሙ፣ በዶሮ ሥጋም በሰውም ላይ የተገኘው መድኃኒቱን የተላመደ ሳልሞኔላ ቀንሷል። በመፈልፈያ ውስጥ የሚደረገው ነገር የከተሜውን ገበታ አይመለከትም ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ወደ አይከል ልመለስ። ጫጩት በካርቶን ተጭኖ ሲመጣ አብሮት የሚመጣው ማረጋገጫ ብዙውን ጊዜ ‹‹ተከትቧል›› የሚል ቃል ብቻ ነው። በምን፣ መቼ፣ ከየትኛው ምርት ተብሎ አይጠየቅም። አንድ ተጨማሪ አደጋም አለ። የማሬክ ክትባት በሽታውን እንጂ ቫይረሱን አይከላከልም፤ የተከተበችው ዶሮ ጤነኛ ሆና ቫይረሱን ልትረጭ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እንዲህ ያለው ክትባት ያልተከተቡትን በፍጥነት የሚገድሉ የቫይረሱ ዓይነቶች እንዲቆዩ ያደርጋል። ስለዚህ ከካርቶኑ ውስጥ ግማሹ በወጉ ተከትቦ ግማሹ ካልተከተበ፣ ያልተከተበው ግማሽ በጓዳኞቹ መካከል ሆኖ ይጎዳል። በየጓሮው የሚርመሰመሱት የሐበሻ ዶሮዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም።

ፈንግልን በተመለከተ ነገሩ ይቀላል። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሙቀት የሚቋቋመውን አይ-ቱ የተባለ ክትባት ያመርታል፤ በዓይን ጠብታ ስለሚሰጥም መብራት በሚቆራረጥበትና መንገድ በሚዘጋበት አካባቢ ይሠራል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ያለበትን ሁኔታ ለምናውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የማሬክ ክትባት ግን በአይከል ሊተካ የማይችል የመፈልፈያው ሥራ ነው።

የሕግ ክፍተት አለ ብዬ አላምንም። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። የጎደለው ከእያንዳንዱ ካርቶን ጋር የምትሄድ አንዲት ወረቀት ናት። የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩ፣ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፣ የከታቢው ፊርማ ይኑርባት። አሳዳጊው ወረቀቷን ካላየ አይረከብ፤ በመንግሥት ገንዘብ ጫጩት የሚገዛ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ክፍያውን ከእርሷ ጋር ያያይዘው። ያን ጊዜ የጭልጋ ወረዳ ባለሙያ የሞተችን ዶሮ ከፍቶ የእግሯ ነርቭ አብጦ ሲያገኘው፣ ስልክ የሚደውለው ወደ የትኛው መፈልፈያ፣ የሚጠይቀውም ስለ የትኛው ቀን ሥራ እንደሆነ ያውቃል።